ያላጠብኩት ግራ እግር

ሲዋርድ በሚባለው የከተማችን ሰፈር በሚገኘው የቅርስ ማደሻ ወርክሾፕ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ ሊንዳ መጀመሪያ ያስተማረችኝ አነሳስ ነው። ሐውልት በአንገቱ ወይም በክንዱ አይነሳም፤ ከሥሩ ይዞ ለሁለት ነው። ከዚያ በፊት ከከተማው ዳር ኤደን ፕሬሪ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን ስለኖርኩ ማንሳት የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ማዕረጌ ረዳት ነው። ረዳት ያጸዳል፣ ያሽጋል፣ ሣጥን ይሠራል፤ የተሰበረውን የሚጠግነው ባለሙያው ነው። በጥጥ፣ በለስላሳ ብሩሽና በተጣራ ውሃ ስንት ዓመት አጸዳሁ። በጽዳት ቀልድ አላውቅም። ሊንዳም እሷ የነካችው ያበራል እያለች ለደንበኛ ታወራልኝ ነበር፤ እኔም ልቤ ያብጥ ነበር።

አንድ ቀን ከደቡብ ሕንድ የመጣ የእንስት አምላክ ሐውልት ገባ፤ ጥቁር ድንጋይ፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ። ባለቤቱ ከአባቱ የወረሳት ጡረተኛ ሽማግሌ ነው። ሊሸጣት ስለፈለገ ትጽዳልኝ አለ። እዚሁ ከተማ የሚኖር ራጃን የሚባል መሐንዲስ ግን፣ ከመንደሬ ቤተ መቅደስ የተሰረቀች ናት፣ እስክትሰረቅ ድረስ እናቶቻችን ስለት ይሳሉላት ነበር ብሎ ለባለቤቱ ጽፎለታል። ቤተ መቅደሱ ጥንታዊ ነው፤ ዛሬ ካህንም ጠባቂም የለው። ጣሪያው ላይ ዛፍ በቅሏል፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጹት ምስሎች ፊታቸው ረግፏል፣ ፍየል ያድርበታል። የባለቤቱ ወረቀት ደግሞ ከእርሻ መሬት ተቆፍራ ወጣች ይላል። ባለቤቱም ለራጃን፣ ማስረጃ ካመጣህ ውሰዳት፣ ካላመጣህ እሸጣታለሁ ብሎታል። ራጃን ያለው ቃሉ ብቻ ነበር።

ቀኝ እግሯን የሸፈነውን ጥቁር ቅባት ሙልጭ አድርጌ አጠብኩ። ወደ ግራው ስዞር፣ ለብ ባለ ውሃ የራሰው ጥጥ ሸተተኝ። የከረመ ቅቤ ነው። እናቴ ጴንጤ ከመሆኗ በፊት አድባሩን ዋርካ የምትቀባው ቅቤ ሲቆይ ልክ እንዲህ ይሸታል። ያኔ በእናቴ አፍር ነበር። አሁን በራሴ አፈርኩ። መሬት ውስጥ የተቀበረን ድንጋይ ቅቤ የሚቀባ የለም።

ጥጡን አስቀምጬ ለሊንዳ ነገርኳት። ደንበኛው ያዘዘው ጽዳት ነው፣ ዓርብ ይረከባል፣ ረዳት ደግሞ ትእዛዝ አይለውጥም አለችኝ። አላጥብም አልኳት። ሌላ ሰው ብታዢም ፊቱ እቆማለሁ አልኳት።

ቤት ስገባ ባሌ ሰምቶ ራሱን ያዘ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለጣዖት ብለሽ ጆብሽን ሪስክ ታደርጊያለሽ? ቸርች ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

«እኔ አልሰግድላትም» አልኩት። «የሌላ ሰው መሆኗን ግን በአፍንጫዬ አውቄያለሁ።»

በማግስቱ መባረሬን እየጠበቅኩ ገባሁ። ሊንዳ ቀድማኝ ማጉያ መነጽሯን አድርጋ ግራው እግር ላይ ጎንበስ ብላለች። ከቅባቱ ሥር ለአምልኮ የሚቀባ ቀይ ዱቄት፣ ከዱቄቱ ሥር ሌላ ቅባት አገኘች፤ እንዲህ እየተደራረበ እስከ ድንጋዩ ይወርዳል፤ በመሐሉ የእርሻ አፈር የለም፤ ተቀብራ አታውቅም ማለት ነው። ናሙና ወስዳ ሪፖርት ጻፈችና ባለቤቱን ጠራችው። ሽማግሌው ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አባቴን የሸጡለት ዋሽተውት ነው፣ ወደ መንደሯ ትመለስ አለ።

ራጃን ሣጥኑ ከመታሸጉ በፊት መጣ። ጫማውን አውልቆ ፊቷ ቆመ፤ ዓይኑ ግን የጸዳው እግር ላይ ቀረ። እኔ ነኝ ያጠብኩት ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩት።

«ግድ የለም» አለኝ። «የመንደራችን ሴቶች መልሰው ይቀቡታል።»

ከእኔ በኋላ ረዳት ለምትሆኑ የምለው ይህን ነው። ቆሻሻ ከማጠባችሁ በፊት ማን እዚያ እንዳኖረው ጠይቁ። ቀኝ እግሯን ሳጥብ እኔ አልጠየቅኩም።