በወንድሜ ሣልስት ስለ አሳማ የተናገርኩት

በወንድሜ ሣልስት፣ ድንኳን ውስጥ ስለ አሳማ ያወራሁት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው አላላክክም።

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር። ከዐረብ አገር ተመልሶ መካነ ሰላም ላይ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ከፍቶ ነበር። አንድ ጠዋት ሚስማር ሲመዝን ቀኝ እጁ ከዳው፤ አፉም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ይዘነው ደሴ ገባን።

ሐኪሙ የአንጎሉን ምስል አሳየኝ። ነጣ ብሎ የሚታየው የፈሰሰ ደም ነው አለኝ፤ የደም ግፊቱ በዝቶ የደም ሥሩን አፈንድቶት ነው። ወንድሜ ግፊት እንዳለበት አያውቅም ነበር። ተለክቶም አያውቅ። እናታችን ግን ግፊት እንዳለባት ካወቀች ቆይታለች፤ ክኒን ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው።

መድኃኒት የለውም ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኩት። አልተቆጣኝም። በአይጥ ላይ ተሞክሮ የሠራ መድኃኒት ብዙ ነው፣ ሰው ላይ ሲደርስ ግን እምቢ ይላል አለኝ። የአይጥ አንጎል ልሙጥ ነው። የአሳማ አንጎል እንደ እኛው የተጣጠፈ ነው፤ በመጠኑም ከአይጥ ይልቅ ወደ እኛ ይቀርባል። ስለዚህ በውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች አሳማውን አደንዝዘው ያንኑ ጉዳት ያደርሱበታል፤ ከዚያ ሕክምናውን እሱ ላይ ይሞክራሉ። ገና ብዙ ይቀራቸዋል አለኝ። ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።

ድንኳኑ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት አንድ ላይ ተቀምጧል። አንዱ ምች ነው አለ። ሌላው፣ ሱቁ ሲደራ ዓይን በላው አለ። እኔ ተናደድኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ባዮሎጂ ደግሞ ይገባኝ ነበር። ተነሥቼ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። የአንጎል መድኃኒት አሁን በአሳማ ነው የሚሞከረው አልኩ።

 አንድ ሙስሊም ሽማግሌ፣ የወንድሜ የሱቅ ጎረቤት፣ ጎኔን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ በዚህ አገር ቄሱንና ሼሁን በአንድ ቃል የሚያስማማ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ለቅሶ ቤት አታንሣው።»

ጋቢያቸው ውስጥ የሳቁ ነበሩ። እኔ ግን አስተማርኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ወሬው ከወንዶቹ ወደ ሴቶቹ ሲሻገር እናቴ ዘንድ የደረሰው፣ የግፊት ክኒን ከአሳማ ይሠራል ተብሎ ነው።

ይህን አላወቅኩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ራሷን ሲያዞራት፣ መቃኑን ይዛ ስትቆም አየኋት። ክኒኗን ፈለግኩ። ከሣልስቱ ወዲህ አንድም ፍሬ አልተነካም።

«ሰባቱን አጽዋማት የጾምኩ ሴትዮ በእርጅናዬ እሪያ አልውጥም» አለችኝ።

ከእሱ አይሠራም፣ የተባለውም ስለ ሌላ መድኃኒት ነው፣ እሱም ቢሆን አሳማ ላይ ተሞከረ እንጂ ከአሳማ አልተሠራም ብዬ አስረዳኋት። ከአንዴም ሁለቴ። አልሰማችኝም። ጎረቤታችንን ጠራኋት። ሙስሊም ናት፤ ከአንድ ጤና ጣቢያ ያንኑ ክኒን ነው የሚወስዱት።

«እኔስ?» አለቻት። «ከንዚር እየዋጥኩ ነው በቀን አምስቴ የምሰግደው? ወላሂ፣ ይህ ልጅሽ እኔንም ከአላህ ጋር ሊያጣላኝ ነው።»

እናቴ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ክኒኑን ግን አልነካችውም። ጎረቤታችን ከሄደች በኋላ ሳትመለከተኝ ጠየቀችኝ።

«ያ እንስሳ፣ ልጄን ያመመውን ነው የሚያሳምሙት?»

አዎ አልኳት።

«አንጎሉ ውስጥ?»

«አዎ። አደንዝዘው ነው፤ እንዳያመው።»

«ከዚያስ ይነሣል?»

ልዋሻት አስቤ ነበር። የሚነሣ አለ፣ የማይነሣም አለ፣ ከሁለቱም ይማሩበታል አልኳት።

«ምን አጠፋ እሱስ» አለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አመጣች። «የእኔ አልተነሣም።»

 ወንድሜ ግፊት እንዳለበት አላወቀም፣ አንቺ ግን ታውቂያለሽ አልኳት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በእኔ አፍ ምክንያት አትሙቺብኝ። ሁለተኛ ድንኳን አልተክልም። ክኒኑንና ውኃ አቀረብኩላት።

እጇን ዘረጋች። የጠዋቱ የቱ ነው አለችኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ውኃው ላይ አማተበችና ዋጠችው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር፤ ነርሷ ክኒኑን ካላቋረጥሽ ይወርዳል አለቻት። ልንወጣ ስንል እናቴ ክንዴን ይዛ መልሳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ይኼኛውንም ለኪልኝ» አለቻት። «ደህና አድርገሽ ለኪልኝ።»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ።