ታከለና የጋሽ ዓለምነህ መተንፈሻ

ታከለ ዕቃ ሲፈታ ያወራል፤ ከሰው ጋር ሳይሆን ከዕቃው ጋር። «ና እስቲ፣ ምን ሆነህ ነው አንተ፣ ማን ነካህ?» እያለ የሬዲዮውን ሆድ ይከፍታል። ብሎኑ እምቢ ካለው፣ አባቱ ማንኩሳ ላይ ሰነፉን በሬ እንደሚቆጡት አድርጎ ይቆጣዋል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለችውን ሱቁን የማያውቅ የለም። ዲኮደር፣ ስፒከር፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የተቃጠለ ቻርጀር፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣል። አንድ ዐመል ብቻ አለችው። ያቃተው ዕቃ ሲገጥመው «አልቻልሁም» አይልም፤ «ነገ ና» ይላል። ብዙውን ጊዜ ነገ ሲመጡ ተሠርቶ ስለሚያገኙት ዐመሉን እንደ ሙያ ቆጠሩለት፤ እሱም እንደዚያው ቆጠረው።

ለዚህ ሙያ ያበቁት የሒሳብ መምህሩ ጋሽ ዓለምነህ ናቸው። ማትሪክ ወድቆ፣ አባቱ «በል ወደ እርሻህ» ባሉት ሰሞን፣ ጋሽ ዓለምነህ ቤታቸው ጠርተው አንዲት ድምፅ አልባ ሬዲዮ አስታቀፉት። «ፍታት» አሉት። «መሞቱን እንደሆን ሞታለች፤ ከዚህ በላይ አትገድላትም። ከተነሣች ግን ያንተ ናት።» ሬዲዮዋ ተነሣች። ታከለ ዛሬም ሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጧታል፤ ስንት ሰው ጠይቆት አልሸጣትም።

ጋሽ ዓለምነህ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንቅልፍ ያሸንፋቸው ጀመር። የእድር ስብሰባ እየመሩ ይተኛሉ፤ ሰው እያጫወታቸው ይተኛሉ፤ አንዴማ ቆመው እየመረቁ ሸለብ አድርጓቸው፣ «አሜን» ሊል የተዘጋጀው ሕዝብ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። አገሩ ሳቀ። ባለቤታቸው እትዬ አቻምየለሽ ግን አልሳቁም። ሌሊት ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ሲል፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ሲል፣ በክርናቸው ጎሰም እያደረጉ የሚመልሷቸው እሳቸው ነበሩ።

ባሕር ዳር ያየቻቸው ሐኪም፣ ሲተኙ ጉሮሯቸው እየተዘጋ መሆኑን ነገረቻቸው። ልጃቸው ያምሮት አዲስ አበባ ላይ ታች ብላ ከውጭ አገር የመጣ መሣሪያ አገኘች። የጫማ ካርቶን ያህላል፤ ቱቦና ጭንብል አለው፤ ሌሊቱን ሙሉ በአፍንጫ አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። ጋሽ ዓለምነህ ሳምንት ሳይሞላቸው ፊታቸው ፈካ። «ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ተኝቼ አላውቅም!» እያሉ ላገኙት ሁሉ አወሩ። በእድር ስብሰባም እሳቸው ነቅተው ሌላው ሰው ይተኛ ጀመር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። እትዬ አቻምየለሽ ጭንብሉን ሲያጥቡ ጥቁር ብናኝ አገኙበት። በዚያው ሰሞን ያምሮት ደነገጥ ብላ ደወለች። ያመረተው ድርጅት ያን ዓይነት መሣሪያ ሁሉ እንዲመለስለት ጠይቋል፤ ድምፁን እንዲያፍን ውስጡ የተለጠፈው ስፖንጅ እየፈረሰ ከአየሩ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል አለች። መልሱ መባሉስ ደግ ነበር። የት ይመለሳል? እንኳን ባሕር ሊሻገር፣ ያኔ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ እንኳ በጸጥታው ችግር ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋ ነበር። ያምሮት «ሌላ እስካገኝ ይታገሡኝ» ብላ ለመነች። ጋሽ ዓለምነህ ግን የእንቅልፍን ጣዕም አንዴ ቀምሰዋል። መሣሪያውን በነጠላ ጠቅልለው ታከለ ሱቅ ይዘውት መጡ።

«ያንተ እጅ ይበቃኛል፣ ታኬ» አሉት።

ታከለ እንዲህ ያለ ዕቃ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። «ጋሼ፣ ይሄን አላውቀውም፤ የሰው ትንፋሽ ነው፣ ይቅርብኝ» ማለት ነበረበት። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። እኚህን ሰው ግን እንዴት አድርጎ አላውቅም ይበላቸው? «ነገ ይምጡ» አለ።

ስፖንጁ ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። በቢላ ፋቀው፣ በጥጥ ጠራረገው፣ ገጥሞ አስነሣው። መሣሪያው አየሩን ደህና አድርጎ ገፋ፤ ብቻ እንደ ትንሽ ወፍጮ ጮኸ። ምነው እዚህ ላይ በተወው! እሱ ግን ጩኸቱ አሳፈረው። ለመምህሩ እየጮኸ የሚሠራ ዕቃ ሊሰጥ ነው? እትዬስ አጠገቡ እንዴት ይተኛሉ? ጎረቤት ቢሰማስ፣ የታከለ ሥራ ይሄ ነው አይልም? ሱቁን ዘግቶ ቡሬ ወረደ። የመኪና ወንበር ከሚሰፋ ሰው ጠንካራ ስፖንጅ ለምኖ መጣና በልኩ ቆርጦ በጫማ ሰፊ ማስቲሽ ለጠፈው። ጋሽ ዓለምነህ ያለ መሣሪያው ሲያድሩ ምን እንደሚሆኑ ያውቅ ስለነበር ቸኮለ፤ ፀሐይ ላይ ጥቂት አናፍሶ ገጠመው። ጭንብሉን በመዳፉ ይዞ ነፋሱን ለካው። ጥሩ ነው፤ ድምፁም እንደ ሹክሹክታ ሆኗል። በአፍንጫው ግን አልሞከረውም። የታላቅ ሰው ፊት የነካውን ጭንብል ማጥለቅ ድፍረት መሰለው። ሽታውም ቢሆን ጠረጴዛው አጠገብ አልታወቀውም፤ ሲበይድና ማስቲሽ ሲቀባ የሚውል ሰው አፍንጫ ከሞተ ቆይቷል።

መሣሪያውን በተረከቡበት በዚያው እሑድ ጋሽ ዓለምነህ በሰንበቴው ላይ ብድግ ብለው «ታከለ እንደ አዲስ አድርጎ ሰጠኝ!» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ታከለ አንገቱን ደፍቶ ተሽኮረመመ፤ በማግስቱ ግን ሱቁ ታፔላ ላይ «የሕክምና ዕቃ እንጠግናለን» የሚል መስመር አስጨመረ።

ጥር ላይ አንድ ክርስትና ቤት ተገናኙ። ጋሽ ዓለምነህ ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ አንቀላፍተዋል። ሲነቁ ዓይናቸው ቀልቷል። ታከለ ልቡ ደንገጥ አለ።

«መሣሪያው እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

«እንደ አዲስ ነው ልጄ፣ እንደ አዲስ!»

ያን ቀን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ዕቃውን ማየት ይችል ነበር። አልሄደም። «ዕድሜ ነው» ብሎ ራሱን አሳመነ። እውነቱ ግን የሚያገኘውን መልስ ፈርቶ ነው።

የካቲት ላይ ጋሽ ዓለምነህ በጠራራ ፀሐይ በረንዳቸው ላይ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ታከለ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቅ ገባ። መሣሪያው ራስጌያቸው ኮመዲኖ ላይ ነው፤ ዳንቴል ለብሷል። ምን እንደሚል ስለጠፋው እጁ የለመደውን አደረገ። ዳንቴሉን ገልጦ አቧራ የሚያስቀረውን የአየር ማጣሪያ ክዳን ከፈተ።

ማጣሪያው ነጭ ነው፤ ሲጠግነው እሱ ራሱ አጥቦ እንዳስገባው። በበጋው የፍኖተ ሰላም አቧራ፣ አንድ ሳምንት የሠራ ማጣሪያ አመድ መምሰል ነበረበት። ታከለ ቀና ብሎ እትዬ አቻምየለሽን አያቸው።

«አልተጠቀመበትም» አሉ እትዬ አቻምየለሽ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የመጀመሪያውን ቀን ዓይኑ እያነባ፣ ጉሮሮውን እየፈጀው አደረ። በማግስቱም እንዲሁ። ‹ለታከለ እንንገረው› አልሁት። ‹በሰው ፊት አመስግኜው መጥቼ ዛሬ አበላሸህ ልበለው? ልጁን አላሳፍረውም› አለኝ። አንተ ድንገት ብትመጣ ብሎ ጭንብሉን ራስጌው ላይ አንጠልጥሎት ኖረ።»

«አሁን ያያቸው ሐኪምስ ምን አለ? በዚህ ምክንያት ነው?»

«ደም ግፊትም ነበረበት። አንዱን ከአንዱ ለይቶ የሚያውቅ የለም አለን።»

ታከለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ድምፁ እንዳይረብሽዎት ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ። ያለ ስፖንጁም ይሠራ ነበር። ብቻ ይጮሃል።»

እትዬ አቻምየለሽ ዳንቴሉን አጣጠፉ። «ይህን ሰውዬ ስንት ዘመን ሲያንኮራፋ ያዳመጥሁ ሴት፣ የዕቃ ጩኸት ይከብደኝ ኖሯል? እኔ የምፈራው ዝም ሲል ነው። ምነው ብትጠይቀኝ፣ ታከለ?»

ታከለ መሣሪያውን አስነሣና ጭንብሉን አነሣ። በዚህ ጊዜ ድፍረት ነው አላለም፤ አፍንጫው ላይ ገጠመው። ሞቅ ያለው አየር ሲገፋ፣ ያ የሞተ አፍንጫው እንኳ ነቃ። ማስቲሹ ሰነፈጠው፤ ጉሮሮው ተቃጠለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወዲያው አላወለቀውም።

ጋሽ ዓለምነህ ከትራሳቸው ሆነው ያዩታል። ደህናውን ግራ እጃቸውን በቀስታ አነሡ።

«እ…ንደ አዲስ ነው» አሉ በተጣመመው አፋቸው።

ታከለ ጭንብሉን አወለቀ። «ይሸታል፣ ጋሼ» አለ። «በጣም ይሸታል። እኔ ይሄን ዕቃ አላውቀውም ነበር። ያን ቀን ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።»

ጋሽ ዓለምነህ ድሮ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ስህተቱን ራሱ ያገኘውን ተማሪ በሚያዩበት ዓይን አዩት።

«ትንሽ ይሸታል» አሉት።