የጎሪላው ፎቶ እና ሁለተኛው ካርድ

እዚህ አዳራሽ መግቢያ ላይ የተሰቀለውን የጎሪላ ፎቶ ማን እንዳነሳው በጠየቃችሁኝ ቁጥር «ናሆም ነው» እልና ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ሙሽሮቹ እስኪመጡ ጊዜ አለን። ስለዚህ ስልካችሁን አስቀምጡና ቁጭ በሉ። ካሜራ ልትይዙ ከሆነ ይሄን መስማት አለባችሁ።

መስከረም ነበር። እዚህ ሲያትል ዝናቡ ገና ማካፋት ሲጀምር ዩጋንዳ ጫካው ቀድሞ ርሷል። ጎሪላ ልናነሣ የሄድነው ሁለታችን ነን፣ እኔና ናሆም። ናሆምን ታውቁታላችሁ፣ ቤልቪው የሚሠራው ኢንጂነር። ከኔ አሥር ዓመት ያንሳል። ካሜራ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ከኦበርን መጋዘን ከሥራ ወጥቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በነፃ። መጀመሪያ ያስተማርኩትም ለእናንተ የነገርኳችሁን ነው። «ካሜራህ ሁለት ሚሞሪ ካርድ ከያዘ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ ይቅዳ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። ሙሽራዋ እንደገና ግቢልኝ አትባልም።»

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለዚህ አዲስ አዳራሽ የፈጣሪን ሥራ የሚያሳይ አንድ ትልቅ ፎቶ ፈልገው ነበር። ከሁለታችን የተሻለው ይሰቀላል፣ ከሥሩም የአንሺው ስም ይጻፋል ተባለ። እንግዲህ ሃያ ዓመት ሰርግ አንስቻለሁ። ኬንት ውስጥ ፎቶዬ ያልተሰቀለበት የሐበሻ ሳሎን የለም፣ ስሜ ግን የትም የለም። ያቺን ስም ፈለግኳት፣ ምን ልደብቃችሁ።

ናሆም ለጉዞው አዲስ ሌንስ ገዛ። ጨለማ ውስጥ እንደ ቀን የሚያይ ነው። ሳጥኑን አብሬው ከፈትኩ። «ጌታ ይባርክልህ» አልኩት፣ ቅናቴን ዋጥ አድርጌ። የኔ ሌንስ ያው አሮጌው ነው፣ ስትጠመዝዘው ሲጥ ሲጥ የሚለው።

በጠዋት ገባን። መሪያችን ሙጊሻ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ገጀራ ይዞ ከፊት ይሄዳል። ዳገቱ ጭቃ ነው፣ አንድ ስትወጣ ሁለት ትንሸራተታለህ። ሳማው በጓንት ላይ ሳይቀር ይለበልባል። ሦስት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ የተላጠ ግንድ አሳየን፣ ቅርፊቱ ገና እርጥብ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ጎሪላዎቹ ያደሩበት የቅጠል ጉዝጓዝ፣ አጠገቡ ኩሳቸው። ሙጊሻ እጁን አስጠግቶ «ይሞቃል» አለ በእንግሊዝኛ። ለካሜራው ብለን ጓንታችንን ስናወልቅ ጭንብላችንን አስደረገንና እንዲህ አለን፦ «ከኔ አትለፉ። እየሮጠ ቢመጣባችሁ እንዳትሮጡ። ቁጢጥ በሉ፣ ዓይኑን አትዩ።»

አገኘናቸው። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ቅጠል ታኝካለች። በስተግራ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ፣ ጀርባው ብር የመሰለው አባትየው ተቀምጧል። ከዛፎቹ ሥር ጨለማ ነው። በኔ ሌንስ የማየው ጥቁር በጥቁር ላይ ነው። ከኋላዬ የናሆም ካሜራ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። እያንዳንዷ ቀጭታ እዚህ፣ ደረቴ ላይ ነበር የምትወጋኝ። ዘወር ብዬ አየሁት። ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ደሜ ፈላ!

አሁን የሠራሁትን ስሙ። ሰርግ ላይ ሙሽራ ስትገባ የናንተ ጋሽ ደምሴ ምን ያደርጋል? አያችሁ፣ ትስቃላችሁ። ክርኔን አወጣለሁ፣ አጎት የለ አክስት የለ፣ እየገፋሁ ፊት ለፊት እቆማለሁ። እሱን ነው ያደረግኩት። ሙጊሻን በክርኔ ገፋ አድርጌ አለፍኩና በእናትየውና በአባትየው መሐል ገብቼ ቆምኩ። ጎሪላ መሐል! ሰርግ ቤት መስሎኝ ይሆናል።

ጫካው ጮኸ። ጩኸቱን በጆሮዬ ሳይሆን በሆድ ዕቃዬ ነው የሰማሁት። አባትየው ተነሣ፣ ደረቱን ደበደበ፣ ቁጥቋጦውን እየገነጠለ መጣ። ቁጢጥ በል መባሌን ረሳሁት። ክው ብዬ እንደቆምኩ፣ ካሜራዬን እንዳቀፍኩ ቀረሁ። ያኔ አንድ እጅ ከኋላ የቦርሳዬን ማንገቻ ያዘና መሬት ላይ ደፋኝ። አፌ ጭቃ ሞላ። የጎሪላው ትንፋሽ ሸተተኝ፣ የላብና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ። ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመ። አንዴ መሬቱን መታ፣ ከዚያ ዞሮ ሄደ።

ቀና ስል ሙጊሻ አጠገቤ ቁጢጥ ብሏል። «ጌታ ይባርክህ ወንድሜ» ብዬ እጁን ሳምኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። ናሆም ትንሽ ራቅ ብሎ ጭቃ ውስጥ የወደቀውን ካሜራ ያነሣል። አዲሱ ሌንስ ተሰንጥቋል። እሰይ አልኩ፤ በልቤ ነው፣ ግን ብያለሁ። ሲያትል ተመልሰን ሰው ሲጠይቀን «ናሆም እኮ ካሜራውን ጥሎ ፈረጠጠ» እያልኩ አሳቅኩበት። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ካርዱን አምጥቶ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ አንተ ምረጥልኝ፣ ኤዲትም አድርግልኝ፣ ዓይንህን አምናለሁ» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሬ ላይ ገልብጬ ከፈትኩት። የኔ ፎቶዎች ሁሉ ድፍን ጥቁር ናቸው፤ ብርሃን ስጨምር አሸዋ የተበተነባቸው ይመስላሉ። የሱ ውስጥ ግን ያ እዚህ የተሰቀለው አለ። አባትየው ሊነሣ ሲል፣ ግንባሩ ላይ የዝናብ ጠብታ፣ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ወደ እናንተ። ምንም ኤዲት አያስፈልገውም። ተቀምጬ አየሁት፣ አየሁት፣ ከዚያ ከካርዱም ከኮምፒውተሩም ዲሊት አደረግኩት።

አዎ፣ እኔ። አትዩኝ እንደዚያ። ለናሆም ደውዬ «አባትየውን ያነሣህበት መልኩ ጥሩ ነበር፣ ፎከስ አልያዘም» አልኩት። «አንተ ካልክ ኦኬ ጋሼ» አለኝ።

በሳምንቱ ከናሆም ፎቶዎች የተበላሹትን ላጠፋ እንደገና ተቀመጥኩ። ጎሪላው ከተነሣ በኋላ ያሉት ፎቶዎች የተምታቱ ናቸው፣ የናሆም ጣት የካሜራውን ቁልፍ እንደተጫነ ስለነበር። አንዱ ላይ ቅጠል። አንዱ ላይ ጭቃና የኔ ጫማ። የመጨረሻው ላይ የኔ ቦርሳ፣ ማንገቻውን የያዘ እጅ። ጣቱ ላይ የጋብቻ ቀለበት አለ። ቀለበቱን አውቀዋለሁ፣ ለናሆም ሲያጠልቁለት ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ሙጊሻ አልነበረም። ልጁ የሚሮጠውን ጎሪላ ማንሣት ይችል ነበር፣ ሕይወቱን ሙሉ የማያገኘውን ፎቶ። ካሜራውን ለቆ እኔን ያዘ። እኔ ደግሞ በየሰዉ ቤት ፈረጠጠ እያልኩ አሳቅኩበት።

የጣልኩትን ፎቶ ከኮምፒውተሩ ቅርጫት አወጣሁትና ደወልኩ።

«ናሆም፣ ፎቶው ፎከስ ይዟል። ዋሽቼህ ነው። አጥፍቼው ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እንዴት አወቅክ?»

«ሁለተኛው ካርድ እኔ ጋ ነው። በሁለት ካርድ ቅዳ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ወይ ጉድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ታዲያ ያን ቀን ፎቶው እጅህ ላይ እያለ ለምን ዝም አልክ?»

«እስክትደውል እየጠበቅኩ ነበር» አለኝ።

ፎቶው ያው ተሰቅሏል፣ ከሥሩ የናሆም ስም። ቅናቱ ለቀቀህ ወይ ካላችሁኝ፣ አለቀቀኝም። እሑድ እሑድ በዚያ በር ስገባ አሁንም እዚህ ጋ ቆንጠጥ ያደርገኛል። ያን ጊዜ ስልኬን አውጥቼ ይቺን አያለሁ። እዩዋት፣ የተበላሸችውን፣ ጭቃ፣ ቦርሳና እጅ ያለባትን። እሷን ለማንም ኤዲት አላደርጋትም።

በሉ ተነሡ፣ የሙሽሮቹ መኪና ፓርክ እያደረገ ነው። ካሜራችሁ ውስጥ ሁለቱም ካርድ መኖራቸውን እዩ። አንተ ታናሹ ደግሞ ዛሬ ፊት ለፊት ቁም፤ እኔ ከኋላህ ነኝ።