የፋሲካው አይብና አፍንጫዬ

የተቀጠርኩት በአፍንጫዬ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ባለው የሐበሻ ምግብ ቤት በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ጋሼ መኮንን ሁለት ሳህን አይብ አቀረበልኝና “የማይበላው የትኛው ነው?” አለኝ። ሁለቱም ነጭ ናቸው። አሸተትኩና አንዱን ገፋሁት። “ነገ ግቢ” አለኝ።

የአይብ ሥራው ቀላል ነው፤ ሰነፍ ግን አይወድም። በተርሚልኩ፣ የፈረንጁ አሬራ፣ በዝግታ ይሞቃል፣ አይቡ ሲለይ አጓቱ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል፣ ቶሎ ቀዝቅዞ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይገባል። ከጥሬ ሥጋ ይራቅ። የተነካካ ማንኪያ አይግባበት። ደህናው በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ የተበላሸው ይዝለገለጋል፣ ቢጫ ወይም ሮዝ መልክ ያወጣል፣ ሽታው ይለወጣል። የሻገተውን ላዩን ገፍፎ ማቅረብ የለም፤ ሙሉውን መጣል ነው።

የፋሲካውን አይብ የምንሠራው በሕማማት ነው። ጾመኛ ነኝና አልቀምስም፤ ዳኛው አፍንጫዬ ብቻ ነበር።

ኮቪድ በመጣ በዓመቱ፣ በበረዶው ወራት ታመምኩ። ዳንኩ፤ ማሽተት ግን አልተመለሰልኝም። ሰው የታመመን ሲሸሽ አይቻለሁና ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ቅበላ እየቀመስኩ ተወጣሁት። ምግብ ቤቱ ለኬሪ አውት፣ ገዝቶ ይዞ ለሚሄድ ብቻ ክፍት ስለነበር ኪችን ብቻዬን፣ አፓርትመንቴም ብቻዬን ነበርኩ። ሳሙና እንኳ የማይሸትበት ቤት በጣም ይከብዳል።

በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ስገባ የፍሪጁ በር ገርበብ ብሎ አድሯል። የፋሲካው አይብ በሙሉ እዚያ ነው። ነካሁት፣ ይፈረፈራል። መልኩም ነጭ ነው። ጋሼ መኮንን ጋ ደወልኩ።

“ሰዉ ኦርደር አድርጓል፤ ልጆች ይበሉታል” አለኝ። “አሽትተሽ ደህና ነው ካልሽ ደህና ነው፤ እኔ ያንቺን አፍንጫ ነው የማምነው።”

“መልሼ ኮል ላድርግልህ” አልኩና ዘጋሁት።

ከከተማው ዳር ግሮቭፖርት ባለ መጋዘን ሠርታ ስትወጣ የእኛን ዴሊቨሪ የምታደርሰው ዘይነባ መጣች። እንደ ልማዷ ማስኳን አጥብቃ በር ላይ ቆመች።

“ግቢ” አልኳት።

“ኧረ እትዬ ብርቄ፣ ዲስታንስ እንጠብቅ እንጂ!”

“ከታመምኩ ወዲህ ማሽተት አልችልም” አልኳት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

የያዝኩትን የአይብ ዕቃ አየችና ገባት። የዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። “እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ፤ አልቀምስልሽም” አለች።

“አሽቺልኝ ብቻ።”

ገባች። ማስኳን ወደ አገጯ አውርዳ እጄ ላይ ወዳለው አይብ ጎንበስ አለች። ከዓመት በላይ የሰው ፊት እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም። ከንፈሯን፣ አገጯ ላይ ያለችውን ጠባሳ አየሁ። እንባዬ መጣ።

“ይሄ ሄዷል፣ እትዬ፤ ሸትቷል” አለች።

ደወልኩና አይቡም አፍንጫዬም እንደሄዱ ለጋሼ መኮንን ነገርኩት። ይጮሃል ብዬ ነበር። “በተርሚልክ ስንት ጋሎን ልግዛ?” አለኝ። የሠራነውን ሁሉ ጣልን። አዲሱን ሳጠልል ዘይነባ የሻሹን ሌላ ጫፍ ያዘችልኝ።

አፍንጫዬ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ አይብ በሠራሁ ቁጥር ዘይነባ ታሸትልኛለች። አይቡን ከተጠራጠራችሁት ጣሉት። አፍንጫችሁን ከተጠራጠራችሁት ሰው ጠይቁ፤ እኔ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው።