በናፍጣ የታጠበ ፍሪሲዮን

አባቴ ደሴ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ጋራዥ የሠሩ ሰው ናቸው። እኔ ጋ፣ ባሕር ማዶ ሆግቭሊት ከመጡ ወዲህ ግን ሥራቸው መስኮት ላይ መቀመጥ ሆነ። ከፎቁ ሥር ያለችውን የዕቃ ክፍል ቁልፍ ብሰጣቸው «ምን ልሠራበት?» ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን አንጀቴን በሉት።

እኔ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ከተማ ስኪዳም ሄጄ በናይትሮ ነዳጅ የምትሠራ የሪሞት መኪናዬን እሽቀዳደማለሁ። ብዙ ጊዜም አሸንፋለሁ፤ ትሕትና አይሆንልኝም። ፍሪሲዮኗን የማጸዳው ራሴ ነኝ። ሞተሩ ሲፈጥን ትንንሾቹ ሸራዎች ወደ ውጭ ተገፍተው ዙሪያቸውን ያለውን ቆብ ይይዛሉ፣ መኪናዋም ትሄዳለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ሳምንት ግን ሆን ብዬ መኪናዋን ለአባቴ ሰጠኋቸው።

«ትንሽ ያንሸራትታል፣ እስቲ ይዩልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ።

ቅዳሜ አብረውኝ መጡ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጓደኞቼ ሳቁ። አንስቼ ሳሸታት ናፍጣ ናፍጣ ትላለች። በአባቴ ጋራዥ ናፍጣ ያልነካው ዕቃ ታጠበ አይባልም። ለካ ያቺን ናፍጣ ፍለጋ ማደያ ድረስ በእግራቸው ሄደው ኖሯል።

አባቴ አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። «ሸራው አልቆ ነው» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን የስንቱን መኪና ሞተር ያወረደን ሰው እንደ ሕፃን ማባበል ንቀት ሆኖ ታየኝ።

«አባባ፣ በናፍጣ አጠቡት አይደል?»

«ታዲያ በምን ልጠበው? በወተት?»

«ይሄ ቅባት አይወድም። በአልኮል ነው የሚታጠበው።»

ፊታቸው ጠቆረ። መኪናዋን ከእጄ ሲወስዱ ሊያስቀምጧት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ካቻቢቴ!»

ሞተሩን ወዲያው አወረዱት። ሸራዎቹን በአልኮል አጥበው በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አደረጓቸው። ከዚያ ቆቡን በጣታቸው አሽከርክረው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ኩሽኔታዋ ልትሄድ ነው! ይህን ሳታዪ ነው የምትሽቀዳደሚው?» ብለው ጮሁብኝ።

እውነታቸውን ነበር፤ አላየሁም። ከሳጥኔ አዲስ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መኪናዋ ተፈተለከች፤ እኔም ሦስተኛ ወጣሁ፣ እንደ ወትሮው ቢሆን የምናደድበት ውጤት ነው።

ስንመለስ ሜትሮው ውስጥ መዳፋቸውን ደጋግመው አሸተቱ። ልንወርድ ስንል ወደ እኔ ዞሩ።

«የዚያች ክፍል ቁልፍ የት ነው ያደረግሽው?»