የእማማ ወለተማርያም ወንበር

ኪሩን ጡት ከጣለ ጀምሮ ነው የማውቀው። ቀጨኔ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነን፤ እነሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ መሀል ላይ እማማ ወለተማርያም። ይኼ ልጅ ያልፈታው ዕቃ የለም። ሬዲዮዬን ፈታ፤ የስፌት መኪናዬን ሊፈታ ሲመጣ መቀስ ይዤ አባረርኩት። መልሶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። "ይኼስ?" ስለው፣ "ፋብሪካው ለጥንቃቄ የጨመረው ነው እትዬ ደሳለች" ይለኛል። ይህች "ለጥንቃቄ" የምትባል ነገር ኋላ ጉድ እንደምታፈላብን መች አወቅኩ።

ኪሩ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲቀመጥ እማማ ወለተማርያም ለመድኃኔዓለም ተሳሉ። ልጁ ኢንጂነሪንግ ከገባ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ በእጃቸው ሊያስገቡ። ልጁ ገባ፤ ጃንጥላውም ተገዛ። ምን ያደርጋል፣ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን የድንጋይ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። እኛ እናድርስልዎ ብንል ወይ ፍንክች! "በእጄ ብዬ ነው የተሳልኩት" አሉ። ስለታቸውን ሳያገቡ መሞትን ፈሩ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ስለት አላውቅም። ጎረቤት ግን አውቃለሁ፤ የሴትየዋ ነገር አንጀቴን በላው።

ኪሩ አራተኛ ዓመት ሲደርስ፣ ከየዲፓርትመንቱ ተሰባስባችሁ የሰው ችግር የሚፈታ ነገር ሥሩ ተባሉ። እሱ ሜካኒካል ነው። ኤሌክትሪካል የምታጠና ሲና የምትባል ቀልጣፋ ልጅና ሌንጮ የሚባል የሲቪል ተማሪ ይዞ ግቢያችን ከች አለ። እማማን አስቀምጦ ደረጃውን በሞተር የሚወጣ ወንበር ሊሠሩ! ለጥቅምት መድኃኔዓለም ይደርሳል ተባለ። እማማ በእልልታ ግቢውን አናጉት።

ከዚያማ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስብሰባ ሆነ። እኔ በሬ ላይ ቀሚስ እየቀመቀምኩ አዳምጣለሁ። ስለ እማማ ያወራሉ፤ እማማ ፊት፣ እማማን ሳያናግሩ። "ዩዘሯ" ነው የሚሏቸው። "ይህቺ ዩዘር የሚሏት ማን ናት?" ብለው እማማ ጠየቁኝ። "እርስዎ ነዎት" ስላቸው አማተቡ።

ወንበሩን ለመሥራት የእማማ ክብደት ያስፈልጋል። ማን ይጠይቅ? ትልቅ ሰው "ስንት ኪሎ ነዎት?" ይባላል? "አሳዳጊ የበደለው ልባል እንዴ!" አለ ኪሩ። ስለዚህ በዓይኑ ገመተ። እማማ ደግሞ የቀጨኔን ብርድ ስለሚፈሩ ከሹራብ ላይ ኮት፣ ከኮት ላይ ጋቢ፣ ከጋቢ ላይ ሌላ ጋቢ ነው የሚደርቡት። ኪሩ ሰማንያ ኪሎ አለ። ለጥንቃቄ እጥፍ አደረገና ለሲና ነገራት። እሷ መታጠፉን አታውቅ፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል ብላ ለጥንቃቄ አጠፈችውና ለሌንጮ አቀበለችው። ሌንጮ ደግሞ ሲቪል ነው፤ ሲቪል ካላጠፈ እንቅልፍ አይወስደውም። በመጨረሻ የቄራ በሬ ተቀምጦበት ሊሳለም ቢሄድ የሚችል ወንበር ተሠራ። መጀመሪያ ላይ ሌንጮ የግቢውን በር ለክቶ "ያልፋል" ብሎ ነበር። ያኔ ወረቀት ላይ የነበረው ወንበር ግን ቀጭን ነው። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ሲወፍር፣ ጎማው ሲሰፋ፣ ዞር ብሎ በሩን ያየ የለም።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት እማማ ጋቢያቸውን ጥለው በነጭ ቀሚስና በነጠላ ብቅ አሉ። ደነገጥኩ። ከዚያ ሁሉ ልብስ ሥር የነበረችው ሴት ይህችን ታህላለች? ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ሲና ቀበቶውን ብታጠብቅ፣ ብታጠብቅ አልደርስባቸው አለ። ሞተሩ ተነሳ። ወንበሩ እያጓራ ሄደ፣ ሄደና በሩ ላይ ቅርቅር! አይወጣ፣ አይመለስ። እማማን አውርደን ብንገፋው፣ ብንጎትተው ንቅንቅ የለም። ግቢያችን ደግሞ ሌላ በር የለውም። ሴትየዋን ቤተ ክርስቲያን ሊያደርስ የተሠራ ወንበር ከነጃንጥላቸው ቆለፈባቸው።

"በሩ የማን ሥራ ነበር?" አለች ሲና።

"እኔ ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ነበርኩ" አለ ሌንጮ።

"እኔ ወንበሩ ላይ" አለ ኪሩ።

"ይፈታ እንግዲህ!" ስለው ኪሩ አንገቱን ደፋ። ለካ ለጥንቃቄ ብሎ ሁሉንም በብየዳ አጣብቆታል። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈታ የኖረ ልጅ፣ መፈታት ያለበትን ዕለት የሚፈታ ብሎን አጣ!

ከላይ እልልታው ተሰማ፤ ታቦቱ ሊወጣ ነው። እማማ ጃንጥላቸውን አቅፈው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ፤ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። "አልፈለገኝም ማለት ነው" አሉ። ልጆቹ አሁንም ስለ በሩ ይከራከራሉ። በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ።

"እናንተ ልጆች! ስብሰባችሁን ተዉና ይህን ቆርቆሮ ንቀሉ!"

የአጥሩን ቆርቆሮ ነቀሉት። ሦስቱም አንድ ነገር አብረው ሲይዙ ያየሁት ያን ቀን ነው። ኪሩ እማማ ፊት ጎንበስ አለ።

"እማማ፣ ጀርባዬ ላይ ይውጡ።"

"ኧረ ጉዴ! በስተርጅና ልታዘል?"

"በመድኃኔዓለም ይዤዎታለሁ፣ ይውጡ።"

ወጡ። ኪሩ እግሩን አጠንክሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ብድግ ሲል ሊደፋ ለጥቂት ተረፈ። ሰማንያ ኪሎ ጠብቆ ነበራ! ዞሮ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

"እትዬ ደሳለች፣ ምንም አይከብዱም እኮ።"

"ምን ይክበዱ? ጃንጥላውን ከጉሮሯቸው ነጥቀው ነው የገዙት፤ ለአንተ!" አልኩት። ልናገር አላሰብኩም ነበር፤ አመለጠኝ።

ደረጃውን ተያያዘው። ሲና "ላግዝህ"፣ ሌንጮ "እኔ ልቀበልህ" ቢሉት እምቢ አለ። ቅጽሩ ጋ ስንደርስ እማማ "አውርደኝ" አሉት። ክንዱን ይዘው፣ እያነከሱ፣ ጃንጥላውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። እኔ ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነው፤ ፊታቸው ግን ወገግ ብሏል።

"ደሳለች፣ ሌላ ስለት ተሳልኩ" አሉኝ።

"አሁን ደግሞ ምን ይሆን?"

"ይኼ ልጅ ሳይመረቅ በፊት፣ በዓይኑ ከመገመት ሰውን አፉን ከፍቶ መጠየቅ እንዲለምድ።"

ኪሩ ሰምቶ አቀረቀረ፤ ከዚያ ለመልሱ ሊያዝላቸው ቀስ ብሎ ጎንበስ አለላቸው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ስለት አላውቅም። አሜን ግን አውቃለሁ፤ ከልቤ አሜን አልኩ።