የድራማው ሐኪም እናት

እስቲ ፍረዱኝ። ሉማሜ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሐኪም ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ኮከብ በመቁጠር የሚታወቁ አንድ መሪጌታ ጣታቸው መግል ቋጥሮ መጡ። ልከፍትላቸው ምላጩን ሳነሳ፣ «ለመሆኑ የዚያ የቴሌቪዥኑ ድራማ ሐኪም እናቱ ማን ትባላለች?» አሉኝ።

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ኮከቡን ልቁጠርለት። በሽተኛ በመጣ ቁጥር ሲጮህበት አይቼ እሳት ነው ብያለሁ፤ ግን የእናት ስም ካልተገኘ እርግጡ አይታወቅም።»

ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው? «አባቴ፣ ሰውዬው እኮ ተዋናይ ነው! ደራሲ ቁጭ ብሎ የፈጠረው ነው! እናት የለውም!»

«እናት የሌለው ሐኪም?»

«የለውም አልኩ እኮ!» ጮህኩ። ከግድግዳው ወዲያ አግዳሚው ላይ ወረፋ የያዙት በሽተኞች ሳይሰሙኝ አልቀሩም።

መሪጌታ ጣታቸውን ቀስ ብለው ወደ ጋቢያቸው ከተቱ። «ያንተን እናት ስም እንኳ አልጠይቅም። ኮከብህን ሳልቆጥርም አወቅሁት» ብለው ወጡ።

በንዴት «ተረኛ!» ብዬ ተጣራሁ። የመጣ የለም። ብወጣ አግዳሚው ወንበር ባዶ ነው፤ ወረፋው በሙሉ ከጎኔ ያለችው ነርሳችን በር ላይ ተሰልፏል። መሪጌታ ከፊት ቆመው፣ «አትጋፉ፣ እሷ ውሃ ናት» ይላሉ።